ሐዘን ተቀባይ ሲያገኝ

ደብረ ማርቆስ ሲመሽ ይበርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጋቢ ያስደርባል። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ግን ይሞቃል። አዝማሪው መሰንቆውን ታቅፎ የፈረስ ጭራዋን ክር በደጋኑ ይገዘግዛል። ሲጀምር ቤቱን ያወድሳል። ከዚያ የገባውን ሁሉ በመልኩ፣ በካፖርቱ፣ በአቀማመጡ እያነሣ ግማሹን ያሞግሳል፣ ግማሹን ይሸነቁጣል። ሳቁ ይደራል። ከጥግ በኩል ብርሌውን ይዞ ሲያቀረቅር ያመሸ አንድ ሰው እጁን ያነሣና «ተቀበል!» ይላል።

አዝማሪው ፊቱን ወደሱ ይመልሳል። ሰውየው ሁለት ስንኝ እንደ ወሬ አድርጎ ይነግረዋል፤ አዝማሪው ይቀበልና በዜማ ያወጣዋል። ለሰሚው ግጥሙ ስለ ዝናብ መቅረት ወይም ስለ ጠፋ በሬ ነው። እዚያ የተቀመጡት ግን ሰውየው ባለፈው ክረምት ማንን እንደ ቀበረ፣ ከማን ጋር እንደ ተካሰሰ ያውቃሉ። ስለዚህ ሳቁ ይቆማል። አንዱ ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ሌላው «ድገመው» ይላል። ባለጉዳዩ አላለቀሰም፣ ስሙም አልተጠራም። የልቡ ነገር ግን በሌላ ሰው አፍ ወጥቶ አደባባይ ውሏል።

እንዲህ ያለ ምሽት ያየ ሰው ጎጃምን የቅኔ አገር ከሚለው ስም ጋር ተያይዞ የሚመጣውን አስተሳሰብ በቀላሉ አይቀበልም፤ ችግር ሰውን ገጣሚ ያደርጋል የሚለውን ማለቴ ነው። እኔ ይህን ነገር ወድጄው አላውቅም። ችግር ብቻውን ያደክማል። የራበው፣ ልጁን የቀበረ፣ መሬቱን የተነጠቀ ሰው መጀመሪያ የሚያጥረው ቃል ነው። ሐዘን ግጥም የሚሆነው የሚፈስበት ቦይ አስቀድሞ ተቆፍሮ ከቆየና ከቦዩ ጫፍ የሚቀበል ሰው ካለ ነው። የጎጃም ደጋ ለዘመናት የሠራው ይህን ቦይ ነው፤ ሐዘኑማ የትም አለ።

የቦዩ አንድ ጫፍ ያለው ከወፍጮ ቤት ነው። የናፍጣ ወፍጮ በየገበያው ከመተከሉ በፊት የጎጃም ሴት ቀን የሚጀምረው ከዶሮ ጩኸት በፊት ነበር። ከጎጆው አንድ ጎን የድንጋይ ወፍጮው በጭቃ መደብ ላይ ዘንበል ብሎ ተተክሏል። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ትይዝና ወደፊት ትገፋለች፣ ትመልሳለች። መጀመሪያ ይሸረከታል፤ ከዚያ ይልማል። ገብስ ሲሆን ክንድ ይፈጃል፤ ጤፍ ሲሆን ፍሬዋ ከማነሷ የተነሣ ትዕግሥት ይጨርሳል። ለቤተሰብ የሚበቃ እንጀራ ሌሊቱን በከፊል ይወስዳል። ከብቶቹ እዚያው በረታቸው ያመነዥካሉ፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ባልም ተኝቷል ወይም የተኛ ይመስላል።

እንጉርጉሮው የሚነሣው በዚህ ሰዓት ነው። ስለ አማት ክፋት፣ በልጅነት ስለ ተሰጠችበት ትዳር፣ ከወንዝ ማዶ ስለ ቀረ የእናት ቤት፣ ስለ ሞተ ሕፃን ይንጎራጎራል። በአፍ ቢነገር የሚያስቀይመው፣ አንዳንዴም በትር የሚያስመዝዘው ነገር ወፍጮው ላይ ሲሆን ያልፋል። ሴትዮዋ የምታዋራው ድንጋዩን ነው። ባልየው ሰምቶ ዝም ቢል አያፍርም፤ ቢቆጣ ደግሞ «ከድንጋይ ጋር ማውራት ተከለከለ?» የምትል ሴት ትጠብቀዋለች። እዚህም ላይ፣ እንደ ጠጅ ቤቱ፣ ቃሉ ከባለቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው።

የግጥሙ ቅርጽ ራሱ ከሥራው ጋር የተጋባ ነው። የአማርኛ ቃል ግጥም በብዛት የሚሄድበት የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ እያንዳንዱን ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባለው በሁለት ሐረግ ይከፍለዋል። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው፤ ቡሄ በሉ አራት አራት። መጁ ሲሄድ አንድ ሐረግ፣ ሲመለስ አንድ ሐረግ። ክንድ እየቆጠረ አፍ ይከተላል፤ ሐረጉ ሲሞላ ቤት ይመታል፤ ቤት ሲመታ የሚቀጥለው ስንኝ በራሱ ይጠራል። ይህን በየሌሊቱ ስታደርግ ያደገች ሴት ሐዘን የደረሰባት ቀን ቅርጽ ልፈልግ አትልም። ለዓመታት በጤናዋ ስትሠራበት የኖረችው አለላት።

ይህ የጎጃም ብቻ ጠባይ አይደለም። አሜሪካዊው የዘፈን ሰብሳቢ አለን ሎማክስ በ1947 እና በ1948 እ.ኤ.አ. ሚሲሲፒ ውስጥ ፓርችማን በሚባለው የእርሻ እስር ቤት መቅረጸ ድምፁን ይዞ ገብቶ የቀዳቸው ጥቁር እስረኞች በመጥረቢያቸው ምት እየዘፈኑ ነበር እንጨት የሚፈልጡት። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ መጥረቢያው አብሮ ይወርዳል። የብሉዝ ሙዚቃ ሥር አንዱ እዚያ ነው። የእስር ቤቱ ዘበኛ እንደ ጎጃሙ ባል ዘፈኑን ይሰማል፤ ማን ላይ እንደ ተዘፈነ መያዝ ግን ይቸግረዋል።

ከወፍጮ ቤት ወደ ለቅሶ ቤት ሩቅ አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቹ አልቃሾች አፋቸውን ያፈቱት እዚያው ነው። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ሰው ሲሞት ጥሪው ከተራራ ተራራ ይተላለፋል፤ በየአቅጣጫው ያለ ዘመድ ነጠላውን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ ይመጣል። ከቀብር በኋላ ሜዳው ላይ ክብ ይሠራል። በትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጠመንጃውና ልብሱ ተይዞ መሀል ይዞር ነበር። አልቃሿ ወገቧን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ትገባለች።

ይህች ሴት ስሜት ገንፍሎባት የምትጮህ የሚመስለው ሰው አጠገቧ ቆሞ አያውቅም። ከመግባቷ በፊት ትጠይቃለች፦ ሟቹ የማን ልጅ ነው? ምን ተክሎ፣ ምን ገዝቶ፣ ማንን ድሮ ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ ሳይታረቅ ሞተ? የቱ ልጁ ሳይደርስ ቀረ? ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ትሰበስብና ስንኝ እያደረገች ታወጣዋለች። ሕዝቡ በዋይታ ይቀበላል፤ ደረት ይደቃል። ስትጀምር ሟቹን ነው የምታነሣው። ቀጥላ ዐይኗን በክቡ ላይ ታዞራለች። እዚያ ጋ ቆማ ያለችው ሴት አምና ወንድሟን ቀብራለች፤ አልቃሿ ወንድምየውን በአንድ ስንኝ ታነሣዋለች። ያኛው ሽማግሌ ልጁ ዘምቶ አልተመለሰም፤ ለእሱም አንድ ስንኝ አለ። በዚህ አካሄድ የአንድ ሰው ለቅሶ የሁሉም ይሆናል፤ ሰዉ ሁሉ የየራሱን ሟች እያለቀሰ ባለቤቶቹን ያግዛል። ሽማግሌዎች በበኩላቸው ሰዓቱን ይጠብቃሉ። «ይብቃ» ሲሉ ክቡ ይበተናል፣ እዝን ይቀርባል፣ ባለ ሐዘኖቹ በግድ ይጎርሳሉ።

ካህናቱ ይህን ነገር ሲነቅፉት ኖረዋል። ፊት መንጨትና ደረት መድቃት የትንሣኤ ተስፋ ያለውን ክርስቲያን አይመጥንም ይላሉ፤ ሰውነትን በማቁሰሉ በኩል እውነት አላቸው። ዛሬ በከተማ ለቅሶ አልቃሽ እየቀረች ድንኳን፣ ወንበርና ካርታ ጨዋታ ቦታውን ይዘዋል። ለእኔ አልቃሿና ድንኳኑ እኩል አይመዝኑም። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ ስለ ሟቹ አንድ ቃል ሳይናገር የሚነሣ ሰው ስንት ነው?

የሥነ ልቦና ሰዎች ሐዘንን በቃል የማውጣትን ነገር በሌላ መንገድ ሊለኩት ሞክረዋል። ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ክፉ ነገር እንዲጽፉ ተደረገ። የሆነውንና የተሰማቸውን አያይዘው የጻፉት ተማሪዎች በጻፉበት ሰዓት ይበልጥ ከፍቷቸው ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ሐኪም ቤት የሄዱበት ጊዜ ያነሰ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የተሠሩ ጥናቶች ጥቅሙ አለ፣ ብዙ ግን አይደለም ይላሉ። የእነዚያ ተማሪዎች ጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ተቀባይ አልነበረውም። ብቻቸውን ጽፈው፣ አስረክበው ሄዱ። የጎጃሟ አልቃሽ ብቻዋን አንዲት ስንኝ አታወጣም።

የጎጃም የቃል ጥበብ ሌላው ምሰሶ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፤ የነዚህ ስም ሲጠራ ቤተ ክህነትን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ቅኔን ያስባል። ልጁ በስምንት፣ በዘጠኝ ዓመቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ይጠፋል ወይም ይሰጣል። ቀን ይማራል፤ ማታ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፣ ተስቦ ይጥለዋል፣ ከጎጆው ጣሪያ ሥር ውርጭ ይገባል። በዚህ ኑሮ ላይ የኔታ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይጠብቁበታል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ተማሪው ገደል አፋፍ ወይም ዛፍ ሥር ተነጥሎ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመለስ ከጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ ይነቀፋል።

ረኀቡ ቅኔ አስተማረው ማለት ስድብ ይመስለኛል። በረኀብ ምክንያት ትምህርቱን ጥለው የተመለሱ፣ መንገድ ላይ የሞቱ ብዙ ናቸው፤ እነሱን ማንም አይቆጥራቸውም። ያስተማረው የኔታ ነው፤ ያስተማረው በየማለዳው የሚጠብቀው ጉባኤ ነው። ረኀቡ ያዋጣው ቢኖር ጉዳዩን ነው።

ለዚህ ከእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የተሻለ ምስክር አላውቅም። እማሆይ ገላነሽ በልጅነታቸው የዐይናቸውን ብርሃን አጡ። ሴት ልጅ ቅኔ ቤት በማትገባበት ዘመን፣ የማያዩ ሴት ልጅ ሆነው፣ የቅኔ መምህር ከነበሩት ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው በጆሯቸው ተማሩ። በኋላም ጽላሎ በሚባለው ቦታ ወንበር ዘርግተው ለብዙ ዓመታት ወንዶች ተማሪዎችን ቅኔ አስተማሩ፤ ከየአገሩ ተማሪ የሚሄድላቸው መምህርት ሆኑ። ታሪካቸው ሲነገር ማየት አለመቻላቸው ይቀድማል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አባትየው ናቸው። ልጃቸው ዐይኗን ስታጣ፣ ሴት መሆኗን ሳይቆጥሩ፣ ያላቸውን ሙያ ሰጧት። ተቀባይ ማለት ይሄ ነው።

ሀዲስ ዓለማየሁም የወጡት ከዚሁ ጉባኤ ነው። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተማሩ። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተማርከው ወደ ጣሊያን ደሴቶች ተጋዙ፤ ከዚያ የተመለሱት የኅብረቱ ጦር ነጻ ካወጣቸው በኋላ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ግን ደራሲው የጻፉት ስለ እስር ቤቱ አልነበረም። የጻፉት ስለ ጎጃም ነበር፤ ስለ ስለት ልጁ ቅኔ ተማሪ፣ ስለ ባላባት ቤት፣ ስለ ገበሬው አመፅ። መከራ የደረሰበት ሰው የግድ ያንኑ መከራ ይጽፋል የሚል ሕግ የለም።

ወረራው ከተነሣ፣ ግጥም ምን ያህል እንደሚያስፈራ የፋሺስቱ ሹም ግራዚያኒ ሳይረዳው አልቀረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ በወሰደው የበቀል እርምጃ ውስጥ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙ ተራኪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ያዘዘው ይገኝበታል። መሰንቆ ይዞ የሚዞር ሰው እንደ ባለ ጠመንጃ ተቆጠረ። አዝማሪ በዘመኑ ጋዜጣ ነበርና ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም፤ አንድ ፉከራ ከአንድ ገበያ ተነሥቶ በሳምንት ውስጥ ሦስት ወረዳ ያዳርሳል።

የበላይ ዘለቀ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። አባ ኮስትር የሚባለው በላይ ዓባይን ይዞ አምስት ዓመት ጣሊያንን ያስጨነቀ የጎጃም አርበኛ ነበር። ነጻነት ሲመለስ ደጃዝማች ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጣልቶ ሸፈተ፤ ተይዞም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ጣሊያን ያልገደለውን የገዛ መንግሥቱ ሰቀለው ማለት ነው። ይህን በጊዜው በጋዜጣ መጻፍ አይቻልም፤ በችሎት መናገርም አይቻልም። በእንጉርጉሮ ግን ይቻላል። ጎጃም ስለ በላይ ያንጎራጎረው ከሰማንያ ዓመት በኋላም በሠርግ፣ በእርሻ፣ በካሴት አልቆመም። ወቀሳው ሁልጊዜ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ስለ ጀግናው ውበት፣ ስለ ጠጉሩ፣ ስለ ጠመንጃው ተጀምሮ ሰሚው ራሱ ወደ ገዳዩ እንዲሄድ ይተወዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የግጥሙን አሠራር በቅርብ ለማየት የሚመቸው የመሬቱ ጉዳይ ነው። የትኖራ በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን አካባቢ ያለች ቀበሌ ናት። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቁሞባት ለአገር ሞዴል ተብላ የምትጠቀስ ሆነች። ገበሬው መሬቱንና በሬውን አዋጥቶ በደወል እየወጣ፣ በነጥብ እየተያዘለት ያርስ ነበር። በስብሰባ ላይ ማኅበሩን የሚያወድስ ግጥም ይገጠማል። ማሳ ላይ፣ በወንፈልና በደቦ፣ ሌላ ይገጠማል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲል ገበሬው ጊዜ አላባከነም፤ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ንብረቱ ተከፋፈለ። ጌቴ ገላዬ የተባሉት ምሁር ይህን ዘመን ገበሬዎቹ በቃል ግጥም እንዴት እንደ ያዙት አጥንተው በ2000 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ ላይ መጽሐፍ አሳትመዋል። ፈቃደ አዘዘ በ1998 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሸዋ ገበሬዎች የረኀብ ዘመን ግጥሞች ላይ ካሳተሙት ጥናት ጋር ቢነበብ፣ ቢሮ ያልሰማው ስንት ነገር ማሳ ላይ ሲነገር እንደ ኖረ ይታያል።

ጌቴ ቀጥለው ያጠኑት የ1989 ዓ.ም.ን የመሬት ሽግሽግ ነው። በዚያ ዓመት የአማራ ክልል መሬት እንደገና ደለደለ። በደርግ ጊዜ በቀበሌና በማኅበር አመራር ያገለገለ ገበሬ «ቢሮክራሲ» ተባለ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሥርዓት ሰው ደግሞ «ፊውዳል»። ይህ ስም የተለጠፈበት ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር ገደማ በላይ መያዝ አይችልም፤ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው ሦስት ሄክታር ነበር። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ባል የሌላቸው ሴቶች አገኙ፤ ለእነሱ ቀኑ የደስታ ቀን ነበር፣ ይህንም መካድ አይገባም። ሌላው ግን ሲያርሰው የኖረው ማሳ በገመድ ሲለካ ዳር ቆሞ አየ። ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም ብዙ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። አቤቱታው የፈለጉትን መልስ አላስገኘላቸውም።

ለገበሬው ዘለፋው ከመሬቱ ማጣት አያንስም። አንድ ጊዜ ተመርጦ ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ፣ እንደ ጎረቤቱ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው «ቢሮክራሲ» ሲባል ይታያችሁ። ቃሉ ራሱ ባዕድ ነው፤ መልስ የሚሰጥበት አፍ የለውም። ገበሬው ያደረገው ቃሉን ወስዶ ግጥም ውስጥ ማስገባት ነበር። በቀረርቶ፣ በፉከራ፣ በእንጉርጉሮ፣ በሥራ ዘፈን ዞረበት። ፉከራ ጠላት የሚፈነገልበት፣ አንበሳ የሚገደልበት ዜማ ነው፤ በዚያ ዜማ ላይ የካድሬ ስያሜ ሲገባ ነገሩ ያስቃል። ማሳ ላይ አብረው የሚያርሙት ሰዎች ይስቃሉ። የሳቀ ሰው ደግሞ ተቀብሏል ማለት ነው፤ ነገ ራሱ ያወጣዋል፣ የራሱንም ይጨምርበታል።

መሬቱ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ስለ ጥበብ ኃይል ትልቅ ቃል መናገር ይቀልላል፤ ያንን ሄክታር ግን ግጥም አላስመለሰም። የገጠመው ሰው በማግስቱ የተረፈችውን አራት ጥማድ ለማረስ ነው የወጣው። ልዩነቱ በመንደሩ ዐይን ነው፤ ትናንት በወረቀት ላይ ስሙ የተበላሸ ሰው ዛሬ ግጥሙ በየማሳው የሚባልለት ሰው ሆኗል። ይህ ትንሽ ነገር ነው? ከጎረቤት ጋር ተከባብሮ መኖር ያለበት ሰው አይመስለውም።

የጎጃም ልጆች ይህንኑ ሙያ ወደ ሌላ ዓለም ይዘውት የሄዱም አሉ። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ብዙ ሰው ጂጂ የሚላት፣ ቻግኒ ነው የተወለደችው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ በልጅነቷ ከቄስ ሰምታ ተምራለች፤ ሴት ግን በቅዳሴ መሪነት አትቆምም። ዘፋኝነቱንም ቤተሰቧ አልወደደላትም። ወደ ናይሮቢ ሄደች፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በ2001 እ.ኤ.አ. በስሟ የወጣው አልበም ላይ እንደ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ ስመ ጥሮች ተጫውተዋል። የዘፈኖቹ ርእሶች ብቻ ቢነበቡ ሴትዮዋ የት እንደምትኖር ይታወቃል፦ «ዓባይ»፣ «ዓድዋ»፣ «ባለ ዋሽንቱ»፣ «ካህን»። ሰውነቷ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ሲሆን ጉዳዩ ሁሉ ጎጃምና ኢትዮጵያ ነበር።

ስለ ጂጂ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስደቱን የዘፈኑ ምንጭ ያደርገዋል። ስደት ለሚሊዮኖች ደርሷል፤ የደረሰው ሁሉ እንዲህ አልዘፈነም። በድምፅዋ ውስጥ የሚሰማው ከዚያ በፊት የተማረችው ነው፤ ድምፅን የሚያንከባልለው የድጓ ስልት፣ ዜማውን የሚሰብረው የአገው ምድር ጭፈራ፣ የሴቶች እንጉርጉሮ። ናፍቆቱ ሲመጣ እነዚህ ቆመው ጠበቁት። እሷም በተራዋ ተቀባይ አላጣችም፤ በየባሕር ማዶው በታክሲ ሹፌርነትና በአስታማሚነት የሚያድር ሐበሻ ሁሉ የራሱን ለቅሶ ያለቀሰባት እሷ ላይ ነው፣ ልክ በጎጃም ሜዳ ላይ እንደሚደረገው።

ዛሬ ጎጃም ውስጥ የድንጋይ ወፍጮው ከብዙ ቤት ወጥቷል። ለክንድ የመጣው ዕረፍት የሚያስቆጭ አይደለም፤ ለእንጉርጉሮው ሲባል ሴት ሌሊቱን ትፍጭ የሚል ካለ ራሱ ይሞክረው። ከናፍጣ ወፍጮ ፊት ተሰልፎ መግጠም ግን አይቻልም፤ ጩኸቱ አያሰማም። የከተማው ወጣት ግጥሙን በስልኩ ይጽፋል፤ ለዘፋኝ ይሸጣል ወይም በማኅበራዊ ድረ ገጽ ይለጥፈዋል። ሰሚው በዝቷል፤ «ተቀበል» ሲባል አፉን የሚከፍት መሆኑን ግን እንጃ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ለቅሶውን አብዝቶታል፤ መንገድ እየተዘጋም ዘመድ ቀብር የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለቅሶ ሲሆን አንዱ ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፤ ቪዲዮው ኔትወርክ ሲገኝ ለጅዳ፣ ለቤይሩት፣ ለዋሽንግተን ይላካል። አልቃሿም ይህን ታውቃለች። ስልኩ ወደሷ ሲዞር ሟቹን ትታ ባሕር ማዶ የቀረውን ልጅ በስሙ ትጠራዋለች፤ ለእሱ የሚሆነውን ስንኝ ታወጣና እንዲቀበል ትተውለታለች።